ወላጅ ከሕክምናው መቼ ወጥቶ ያውቃል?

ወላጅ በልጁ ሕክምና እጁን አያስገባ የሚለውን ጽሑፍ በስልክ የላከልኝ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ነው፤ «ነገሩ አንተንም ይነካሃል፣ አንብበው» ብሎ። ሰኞ ስለነበር ደሴ ሸዋ በር ያለው መድኃኒት ቤታችን ከጠዋት ጀምሮ ሰው አልተለየውም። አንዱን ሸኝቼ ሌላው እስኪገባ አንድ አንቀጽ፣ ደግሞ ሌላ አንቀጽ እያልኩ ማታ በር ስንዘጋ ጨረስኩት። ጸሐፊው የሕጻናት ሐኪም ናቸው። ቁጣቸው ልጅ ሲጎዳ ዓይቶ አንጀቱ ያረረ ሰው ቁጣ መሆኑ ያስታውቃል፤ ብዙ ቦታ ላይም እውነት አላቸው። መድረሻቸው ላይ ግን አልስማማም። እኔ የቆምኩበት ባንኮኒ እሳቸው ከተቀመጡበት ወንበር የማይታይ ነገር ያሳያልና መልስ መጻፍ ፈለግሁ።

ያላነበበው ሰው እንዳይቸገር የሚሉትን ባጭሩ ላስቀምጥ። ወላጅ ልጁን ቶሎ ያምጣ፣ የታዘዘውን ይግዛ፣ የተባለውን ይፈጽም፣ ቀሪውን ለባለሙያ ይተው ነው ነገሩ። ለዚህም ምክንያት ይደረድራሉ። ወላጅ የሚያወራው ታሪክ ምርመራውን ያንዛዛል፤ ጥያቄ ማብዛት ሐኪሙን አለማመን ነው፤ የልጁ የሕክምና ታሪክ እንደሆነ ካርድ ክፍል አለ። ወላጅ እጁን ባስገባ ቁጥር ያተረፍነው እንጥል ማስቆረጥና ያለ ማዘዣ የተገዛ አንቲባዮቲክ ነው። ያልተማረ የገጠር ወላጅ መድኃኒት ለክቶ ስለማይሰጥ ኃላፊነት ሊሸከም አይችልም። ተራው ረጅም ነው፣ ለማስረዳት ጊዜ የለም። አባትና እናት ተከታትለው ሲገቡ ክፍሉን ያጣብባሉ፣ አንድ አስታማሚ ይበቃል። ማሳረጊያው ላይ ደግሞ ስልካቸውን አውጥተው ቪዲዮ የሚያሳዩትንና ማዘዣው ላይ የተጻፈውን ካላወቅን የሚሉትን ወላጆች ገሥጸዋል።

ሐኪሙ ልጁን የሚያየው ቢበዛ አሥር ደቂቃ ነው። ከዚያ በፊት ያሉትን ሦስት ሌሊቶች ያስታመመው ወላጅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሰባት ቀናት መድኃኒቱን የሚሰጠውም ወላጅ ነው። ይግባ አይግባ የሚባልበት ነገር የለም፤ ገብቶ ነው ያለው። የምንከራከረው ይህን ሥራ ሲሠራ ነገሩ ገብቶት ይሥራ ወይስ በጨለማ እየዳበሰ በሚለው ላይ ነው።

የወላጅ ታሪክ ምርመራ ያንዛዛል ከሚለው ልጀምር። አምና መስከረም ላይ አንዲት የኩታበር ሴት የሁለት ዓመት ልጅ አዝላ ገባች። የያዘችው ማዘዣ በአንድ ወር ውስጥ ሦስተኛው ነው፤ ሁሉም የሳል፣ ሁሉም ሽሮፕ። ገንዘቡን ከመቀነቷ እየፈታች «ዶክተር፣ ይኼ ሽሮፕ ቆሎ ያወርዳል ወይ?» አለችኝ። (እኛንም ዶክተር ይሉናል፤ ማረሙን ከተውኩ ቆየሁ።) የምን ቆሎ ነው ብላት፣ ልጁ ከታላላቆቹ ጋር የሽምብራ ቆሎ ሲበላ ትን ብሎት፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ጀርባውን ሲመቱት ነው ነፍሱ የተመለሰችው። ሳሉ የጀመረው የዚያኑ ዕለት ማታ ነው። ለሐኪሙ ነግረሽዋል ወይ አልኳት። «ልነግረው ስል ስንት ቀን ሆነው፣ እሱን ብቻ ተናገሪ አለኝ። ሦስት ሳምንት አልኩት፤ በቃ ጻፈ።»

ሽሮፑን አልሸጥኩላትም። ከማዘዣው ጀርባ ላይ «ሳሉ የጀመረው ሽምብራ ትን ካለው ማታ ነው» ብዬ በትልልቁ ጽፌ፣ ሌላ ምንም ሳትናገር ይህን እንድታሳይ ነግሬ መለስኳት። ልጁ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። ኅዳር ላይ ደሴ ስትመጣ እኛ ጋ ጎራ ብላ፣ በሶፍት ጠቅልላ የያዘችውን ፈትታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ከሳንባው ቧንቧ በመሣሪያ የወጣ ግማሽ ሽምብራ፣ አብጦ፣ ቡናማ ሆኖ። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ለውዝ ራጅ ላይ አይታዩም። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ የሚፈጭ ጥርሱ ገና ስላልሞላ እንዲህ ያለው አደጋ የሚበዛበት ነው። ምርመራውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊያሳጥረው የሚችለው የእናትየዋ ወሬ ብቻ ነበር፤ ያ ወሬ ሦስት ጊዜ በር ላይ ቀረ። ያንዛዛው የቱ ነው?

ደግሞም ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ጤና ጣቢያዎቻችን ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ የሚያክሙበት የተቀናጀ የሕጻናት ሕክምና መመሪያ ሲከፈት የመጀመሪያው ትዕዛዝ የልጁ ችግር ምን እንደሆነ እናትየዋን ጠይቅ የሚል ነው። ዶክተሩ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ቀጥሎ የሚመጡት አራቱ የአደጋ ምልክቶችም ቢሆኑ፣ ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት አቅቶታል ወይ፣ የወሰደውን ሁሉ ያስመልሳል ወይ፣ አንቀጥቅጦታል ወይ፣ ፈዟል ወይም ራሱን ስቷል ወይ ነው የሚሉት። ከአራቱ ቢያንስ ሦስቱ በወላጅ አፍ የሚመለሱ ናቸው፤ በማዳመጫ የሚሰማ የለበትም። እንግሊዝ አገር በ2021 እ.ኤ.አ. አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ሆስፒታል ተኝታ ሞተች፤ ወላጆቿ ልጃችን እየባሰባት ነው ቢሉ ሰሚ አላገኙም ነበር። ከዚያ በኋላ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወላጅ ወይም ታማሚ ከሠጋ ሌላ የሐኪም ቡድን መጥቶ እንዲያይለት መጠየቅ የሚያስችል አሠራር በልጅቷ ስም ተጀምሯል። መሣሪያው ሞልቶ በተረፈበት አገር እንኳ የእናት «ልጄ ዛሬ ደስ አላለኝም» ማለት ሳይቆጠር መቅረቱ ምን እንደሚያስከፍል በልጅ ሕይወት ተማሩት።

መጠየቅ አለማመን ነው ለሚለው በራሴ ጥፋት ልመልስ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው፤ የፓራሲታሞል ሽሮፕ የታዘዘለት ሕጻን ይዛ አንዲት ሴት መጣች። ሽሮፑ አልቆብን ነበርና «ያው አንድ መድኃኒት ነው» ብዬ ጠብታውን ሰጠሁ፤ መጠኑን ግን ማዘዣው ላይ እንዳለው አንድ የሻይ ማንኪያ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለሦስት ቀን አልኩ። ሽሮፑ በአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለት በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ የሚይዘው 120 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ጠብታው 100 ሚሊ ግራም የሚይዘው በአንዷ ሚሊ ሊትር ነው። ባልኩት ብትሰጠው ከሚገባው ከአራት እጥፍ በላይ ይጠጣ ነበር። ሴትዮዋ ወጥታ ከደረጃው ላይ ተመለሰች። ጠርሙሷን ወደ ብርሃኑ ቀና አድርጋ እያየች «ወንድምዬ፣ ይቺ እኮ በአንድ ቀን ታልቃለች፤ ለሦስት ቀን አላልከኝም?» አለች። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ስለ መድኃኒት ጥንካሬ የምታውቀው ነገር አልነበረም፤ ግን ዘይት፣ ጋዝና ስኳር እየለካች ቤት የምታስተዳድር ሴት ናት፣ ሒሳቡ አልገጥም አላት። እኔን አላመነችኝም ማለት ነው? ብታምነኝማ ነበር ጉዱ።

ታሪኩ ካርድ ክፍል አለ የሚለውን የወሎ ሰው ሲያነብ ምን እንደሚሰማው ዶክተሩ ያሰቡበት አይመስለኝም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንት ጤና ተቋም ተዘረፈ፣ ስንት ማህደር መሬት ላይ ተበተነ። ሰላም ሆኖ ስንመለስ ብዙ ልጅ የትኛውን ክትባት እንደወሰደ የሚናገር መዝገብ ጠፍቶ ነበር። የቀረችው እናቶች ከልብስና ከእህል አስቀድመው በፌስታል ጠቅልለው፣ በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ይዘዋት የሸሹት የክትባት ካርድ ናት። አንዷ ካርድ ሙሉ በሙሉ በላብ ረጥባ ደርቃ እንደ ደረቅ ቂጣ ስትሰባበር አይቻለሁ፤ ቀኖቹ ግን ይነበቡ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ ልምጣ፤ ዶክተሩ እውነት ያላቸውም እዚህ ላይ ነው። እንጥል ማስቆረጥ አለ። ግግ ማስወጣት አለ። አራስ ልጅ ቅቤ ማስዋጥ አለ። ለጎረቤት ልጅ የታዘዘውን አሞክሳሲሊን ግማሽ ጠርሙስ ለራስ ልጅ መስጠት አለ። በዚህኛው የእኛ ሙያ እጁ ንጹሕ አይደለም፤ ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ የሚሸጥ መድኃኒት ቤት ባይኖር ኖሮ የሚገዛ ወላጅም ባልኖረ። ያን ስድብ ተቀብያለሁ።

ነገር ግን ወላጅ እንጥል አስቆራጭ ዘንድ የሚሄደው ለምንድን ነው? ልጁ መዋጥ አቅቶት ሲያለቅስ አንድ ነገር ማድረግ ስላለበት ነው። እንጥል ቆራጩ ደግሞ (ይህን ስጽፍ እየመረረኝ ነው) ያስረዳል። ልጁን በእናቱ ጭን ላይ ያስቀምጣል፣ አፉን ከፍቶ «ይኸውልሽ፣ ወርዷል፣ አየሽው?» ብሎ ያሳያል። ምን እንደሚያደርግ ይናገራል፣ ማታ ምን እንደሚበላ ይነግራል፣ ሁለት ሦስት ጥያቄ ተጠይቆ ይመልሳል። የሚሠራው ስሕተት ነው፤ መድማትና መመርቀዝ ያስከትላል፣ በአንድ ምላጭ ስንቱን እንደሚቆርጥም አይታወቅም። ይብሱን የጉሮሮው ሕመም የባክቴሪያ ከሆነ ባክቴሪያው እዚያው ነው፤ ሳይታከም ሲቀር በአንዳንዱ ልጅ ላይ ዞሮ ልብ ያበላሻል። ወላጁ ግን ከዚያ ቤት ሲወጣ የልጄን ሕመም በዓይኔ አይቻለሁ፣ ገብቶኛል ብሎ ነው የሚወጣው። ከእኛ ዘንድ ሲወጣስ? «ቶንሲል ነው፣ ይህን ግዢ» ተብሎ። ጉሮሮውን በባትሪ አብርቶ «እዪው፣ ይህ ቀይ ሆኖ ነጭ ነጭ የጣለበት ነው ሕመሙ፤ እንጥሉ ምንም አልሆነም» ማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ወላጅን ከሐኪም ክፍል በር ላይ የመለሰው ሰው ከሕክምናው አላስወጣውም፤ ሌላ በር እንዲፈልግ ነው የላከው።

እግረ መንገዴን፣ ዶክተሩ ወዳጃውንም (በወሎ ተሰብስቦ የሚደረገውን ጸሎት) ጠበሉንም ከዚሁ ጋር ጨፍልቀውታል። ልጅ ሲታመም ተሰብስቦ ዱአ የሚያደርግ፣ ጠበል የሚያጠጣ ቤተሰብ በወሎ ያልነበረበት ዘመን የለም። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዱአውም ይደረግ፣ ጠበሉም ይጠጣ፣ መድኃኒቱም በሰዓቱ ይሰጥ። እንዲህ ስላቸው እሺ ያላሉኝ ሸህም ቄስም እስካሁን አላጋጠሙኝም።

ያልተማረ ወላጅ አይችልም ስለሚለው ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ደሴ ከመግባቴ በፊት ባቲ ሠርቻለሁ። አንድ አባት ነበሩ፣ ልጃቸው የልቧ በር (ቫልቭ) ከጉሮሮ ሕመም በሚነሣው በሩማቲክ በሽታ የተጎዳ፤ ሕመሙ እንዳያገረሽባት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት መወጋት ያለባት። ሰውየው ፊደል አልቆጠሩም፣ የቀን መቁጠሪያም ቤታቸው የለም። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ እሳቸውም የሚቆጥሩት በገበያ ነው። «ልጄ የአራት ገበያ መርፌ ናት» ይላሉ። አንደኛው ገበያ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፤ በአራተኛው ፍየሎቻቸውን ለሚያስጠብቁት ሰው ትተው ልጅቷን አስከትለው መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ናቸው። አንድ ጊዜ ጠፍተው ብንፈራ ማክሰኞ ጠዋት መጡ፤ «ወላሂ አልረሳሁም፣ ወንዙ ሞልቶ ነው» አሉ። በዚያው ጊዜ ሁለት ዲግሪ ያላቸው ወላጆች የልጃቸውን መርፌ ሦስት ወር ሲዘሉ አይቻለሁ። ያ አባት የተሻሉት የመጀመሪያው ቀን አንዲት ነርስ አስቀምጣ፣ መርፌው ካመለጠ ልቧ ላይ ምን እንደሚደርስ በደንብ ስላስረዳቻቸው ነው።

የዓለም ታሪክም የሚለው ይህንኑ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ከባንግላዲሽ ጦርነት ሸሽተው ሕንድ የገቡ ስደተኞች ላይ ኮሌራ ተነሣ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለው ሐኪም በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ እያለቀበት ሲሄድ ጨውና ስኳር ያለበትን ውሃ አስበጥብጦ ለታማሚዎቹ ቤተሰቦች ሰጠ፤ ሲያጠጡ የዋሉት ያደሩት እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞች ናቸው። ከመቶ ታማሚ 30 ገደማ ይሞት የነበረው ወደ 4 ወረደ። ከዚያ በኋላ እዚያው ባንግላዲሽ ብራክ የተባለው ድርጅት ከ1980 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ድረስ ሴት አስተማሪዎችን ቤት ለቤት እየላከ፣ በሦስት ጣት ቆንጥሮ ጨው፣ በእፍኝ ደግሞ ጥሬ ስኳር እያሰኘ ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤተሰብ አስተማረ። አብዛኞቹ እናቶች ማንበብ አይችሉም ነበር። የምወዳት ነገር አለች፤ አስተማሪዋ የሚከፈላት ሌላ ሰው በኋላ ሄዶ እናቶቹን ሲጠይቅ ባስታወሱት ልክ ነው። እናት ካላስታወሰች ጥፋቱ የእናት ሳይሆን የአስተማሪ ነው ማለት ነው። ይህ ደንብ እኛ አገር ቢመጣ የስንቶቻችን ደመወዝ ይቆረጥ ይሆን?

ሩቅ ነው ካሉ ትግራይ ቅርብ ነው። እዚያ በተደረገና በ2000 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ የወባ ምልክትን ለይተው ቤት ውስጥ መድኃኒት እንዲሰጡ እናቶች በጎረቤቶቻቸው አማካይነት ተማሩ፤ በተማሩባቸው ጣቢያዎች (በእኛ ቀበሌዎች) ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሞት በ40 በመቶ ቀነሰ። ያም ሩቅ ከሆነ ደግሞ ደሴ ዙሪያና ቃሉ አሉ። በ66ቱና በ77ቱ ድርቅ ክፉኛ የተጎዳ ልጅ ካለ እናት ቤቷን ዘግታ፣ ሌሎቹን ልጆች ጥላ መጠለያ ገብታ መቀመጥ ነበረባት። በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ግን በእነዚህ ሁለት ወረዳዎች ሌላ መንገድ ተሞከረ፤ ሌላ ውስብስብ ሕመም የሌለበት፣ የመብላት ፍላጎት ያለው ልጅ እናቱ ፕላምፒ ነቱን (ለተጎዳ ልጅ የሚሰጠውን የለውዝ ምግብ) ይዛ ቤቷ ሆና እንድታክመው፣ በየጊዜው እያመጣች እንድታስመዝን። ዛሬ በየጤና ኬላው የምናየው አሠራር ከእንዲህ ያለው ሙከራ የመጣ ነው። ከከፋ የምግብ እጥረት ልጇን ያወጣች የወሎ እናት አምስት ሚሊ ሊትር ሽሮፕ መለካት አትችልም መባሏ አይዋጥልኝም።

መለካት የሚያቅታቸው አሉ፤ እሱን አልክድም። ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ግን በየቀኑ አየዋለሁ። «አንድ ማንኪያ» እንላለን። የእኛ ማንኪያ የሻይ ናት፤ የእሷ ቤት ያለው የወጥ ማንኪያ ነው፣ ሦስት እጥፍ ይይዛል። «ኦአርኤሱን በአንድ ሊትር በጥብጪው» እንላለን። ቤቷ ያለው ትንሹ ሃይላንድ ነው፣ ግማሽ ሊትር፤ ከረጢቱን ሙሉውን እዚያ ውስጥ ትገለብጠዋለች፣ ጨው ይበዛበታል፣ ልጁን ይጎዳዋል። «ሁለት ትንሹ ሃይላንድ ሙሉ ውሃ» ብንላት ኖሮ አልቆ ነበር። ዚንኩን አሥር ቀን እንላለን፣ ተቅማጡ ግን በሦስተኛው ቀን ይቆማል፤ ለምን እንደሚቀጥል ያልተነገራት እናት የቀረውን ለሚቀጥለው ተቅማጥ ብታስቀምጠው ይፈረድባታል?

እኔ አሁን የማደርገው እዚያው ዶክተሩ የሚያውቁት መመሪያ ላይ ያለውን ነው። በዱቄት የሚመጣውን ሽሮፕ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እስከ መሥመሩ እበጠብጥና፣ መርፌ የሌላት ሲሪንጅ ላይ በምስማር ጫፍ ጭረት አደርጋለሁ። ከዚያ ለራሷ እሰጣታለሁ፤ እሷ ትቀዳለች፣ እኔ አያለሁ። አንዳንዷ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ መጀመሪያ አየር ትቀዳለች፤ ትስቃለች፣ ትደግመዋለች። የመጀመሪያውን መጠን እዚያው ለልጁ ትሰጠዋለች፤ ልጁ ግማሹን ይተፋል፣ የቀዳችው ግን ልኩን ነው። «እስቲ ማታ ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትሰጪው?» እላለሁ። የምትመልሰው ከተሳሳተ የነገርኳት እኔ ነኝና እንደገና እነግራታለሁ። ፊደል የቆጠረውንም ያልቆጠረውንም የማስተናግደው በዚሁ መንገድ ነው፤ ልዩነታቸውን እስካሁን አላየሁትም።

ስለ ተራው ብዙ አልልም። ሰው መብዛቱ፣ ሐኪም ማነሱ እውነት ነው፤ ዶክተሩን አይፈረድባቸውም። ግን ከላይ ያለችው የኩታበር ሴት ስንት ጊዜ ነው ተራ የያዘችው? ሦስት። ሁለቱ የሌላ ልጅ ተራ ነበር።

አባቶችን በተመለከተ ዶክተሩ ክፍሉን ያጣብባሉ ማለታቸው አስቆኛል፤ የትኛው አባት ነው የሚያጣብበው? እኔ የማውቀው አባት በር ላይ ቆሞ የሚከፍል ነው። ልጄ ትንሽ እያለች እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ባለቤቴ ታማ አንድ ቀን ብቻዬን ይዣት ስሄድ ነርሷ «የ15 ወሩን ኩፍኝ ወስዳለች?» ስትለኝ፣ መድኃኒት የምሸጥ ሰውዬ፣ ወደ ቤት ስልክ ደወልኩ። የዘጠኝ ወሩን ሁሉም ያስታውሰዋል፤ በ2011 ዓ.ም. የተጨመረው የ15 ወሩ ግን ልጁ ድክ ድክ እያለ፣ እናትየዋም ወደ ሥራዋ ተመልሳ ወይ ሌላ ፀንሳ ስለሚገኝ የሚረሳው እሱ ነው። ሁለት ሰው ካወቀው አንዱ ቢረሳ አንዱ ያስታውሳል። ወንበር ካነሰ አባትየው ይቁም፤ መቆም ለምዷል።

ቪዲዮውን ግን እባክዎ ይዩት። ልጅ የሚያንቀጠቅጠው ሐኪም ፊት አይደለም፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ቤት ውስጥ ነው። ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ተነሥቶ በረንዳ ላይ ይሮጣል። እናትየዋ «ጣለው» ትላለች፤ መጣል ደግሞ ስንት ዓይነት ነው! በየትኛው እጅ ጀመረ፣ ዓይኑ ወዴት ዞረ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ የሚለውን የሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ያሳያል። አንዲት የሐይቅ ልጅ የቀረጸችው የወንድሟ ቪዲዮ ውስጥ አያቱ «ክብሪት አጭሱበት» እያሉ ሲጮሁ ይሰማል፤ እሷ ግን እየተንቀጠቀጠች ስልኩን አልጣለችም። ይህን አምጥታ ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ «ስልክሽን አስገቢ» መባል አልነበረባትም።

የቀረው የማዘዣው ጽሑፍ ነው። ወላጅ የተጻፈለትን ለምን ማንበብ ፈለገ፣ ፋርማሲስቱ ካነበበው ይበቃል ብለዋል ዶክተሩ። ዛሬ ጠዋት እንኳ አንዱን ማዘዣ ይዤ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር መስኮት ሥር ቆመን ሩብ ሰዓት ተከራክረናል። በመጨረሻ የፈታችው የልጁ እናት ናት፤ ከዚህ በፊት ወስዶት ስለነበር ስሙን በቃሏ ታውቀዋለች።